የሠርግ ቤት ጫማዎች

ድሬዳዋ ላይ የሴቶች ሠርግ ውስጥ ካሜራ ይዞ መግባት ለማንም አይፈቀድም። ወንድ አይገባም፣ አለቀ። ሴትም ብትሆን ስልኳን በር ላይ አስረክባ ነው የምትገባው። ውስጥ ሻሽ ይወልቃል፣ ፀጉር ይለቀቃል፣ ድሪያ በሚሉት ስስ ቀሚስ ይጨፈራል፤ ያ ሁሉ በማግሥቱ የማንም ስልክ ላይ እንዲዞር የምትፈልግ እናት የለችም። ካሜራ ይዛ የምትገባው አንዲት የታመነች ሴት ብቻ ናት። መጋላ በሚባለው ሰፈር ያቺ ሴት አያን ነበረች።

አያን ያነሳችውን ለሙሽሪት በእጇ ታስረክባለች፣ ከኮምፒውተሯ ትሰርዛለች፣ ያየችውንም አትተነፍስም። ልጅ የሚድሩ እናቶች ከድንኳኑ በፊት እሷን ነው የሚይዙት። ስሟ እንዲህ ቢጠራም ሥራው ከሰለቻት ቆይቷል። ያው ሶፋ፣ ያው ሂና የተቀባ እጅ ጉንጭ ላይ፣ ያው አንገት ዘመም ማድረግ። ከወንዙ ማዶ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ክፍሏ ቁጭ ብላ በስልኳ የሌላ አገር ፎቶ አንሺዎችንና ሠዓሊዎችን ሥራ ትመለከታለች። አንዱ ባዶ ወንበር ብቻ እያነሳ ግድግዳ ሞልቷል፤ ሌላዋ የታጠበ ልብስ ከነገመዱ አዳራሽ ውስጥ ሰቅላለች፤ ሰውም ቆሞ ያይላቸዋል። እሷ ግን የዓመታት ሥራሽን አምጪ ብትባል የምታሳየው አንድም ነገር የላትም። ይሄ ያንገበግባት ነበር።

ሂሻምን ያገኘችው በዚሁ ሥራ ምክንያት ነው። ቀፊራ ገበያ አጠገብ መስታወት እየቆረጠ ፍሬም የሚሠራ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጣቶቹ በመስታወት የተጫጫሩ። አንዲት ሙሽራ ትልቁ ፎቶዋ ፍሬም እንዲገባላት ፈለገችና አያን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለት ሄደች። ችግሩ ምንድን ነው፣ ፎቶውን ወንድ እንዲያየው አልተፈቀደም። እንዴት ብላ እንደምትነግረው ጨንቋት በር ላይ ስትንተባተብ እሱ ጨርቁን አየና ገባው። ራሷ ጨርቁን ገልጣ ፎቶውን ፊቱን ወደ ታች እንድትደፋው ነገራት፣ እስክትደፋውም ዞሮ ቆመ።

«ሳታየው ልትሠራው ነው?» አለችው።

«የምለካው ከጀርባው ነው። በዚህ በኩል ሙሽሮች ሁሉ አንድ ናቸው።»

ሳቀች። እሱ ግን ሥራውን እስኪጨርስ አንዴም ሰርቆ ለማየት አልሞከረም፤ ሊያገላብጠው ሲል እንኳ ጨርቁን ራሷ እስክትጥልበት ጠበቃት። አያን ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ለብቻዋ ፈገግ ትል ነበር። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቷት ምን እንደተገኘ ጠየቃት።

ከዚያ ወዲያ ፍሬም የማያስፈልገው ፎቶ ሁሉ ፍሬም አስፈለገው። ምን ይደረግ፣ ሰው ምክንያት አያጣም። ፀሐይዋ በረድ ስትል ሱቁ በር ላይ ሻይ ይጠጣሉ፤ እሷ ታወራለች፣ እሱ መስታወት እያበሰ ይሰማል። አባቱ ከሞተ ጀምሮ እናቱንና ታናናሾቹን ያኖረው በዚያች ሱቅ እንደሆነ ቀስ በቀስ ነው ያወቀችው፤ እሱ ስለ ራሱ ማውራት አይወድም። አንድ ቀን ታዲያ ቀለል አድርጎ ጠየቃት።

«አንቺ ካነሳሽው ውስጥ እኔ ባየው ነውር የማይሆን ፎቶ የለሽም?»

አሰበች። አልነበራትም። ያን ቀን ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች። ለሚወዱት ሰው የሚያሳዩት ነገር ማጣት እንዲህ እንደሚያሳፍር አታውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ሠርግ ሥራዋን ጨርሳ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ደጃፉን ጫማ ሞልቶታል። ወርቃማ ተረከዝ፣ ባለ ጨሌ ነጠላ ጫማ፣ እንግዳ የሚመስል ጥቁር ጫማ ተደርቦ ተደርቦ ተኝቷል። ፊት የለ፣ ፀጉር የለ፣ ገላ የለ። ይሄንን ሂሻም ቢያየው ማን ምን ይላል? ተንበርክካ አነሳችው።

ሂሻም ያን ፎቶ ለረጅም ጊዜ ያዘው። ከዚያ የጫማዎቹን ባለቤቶች መገመት ጀመረ። ይቺ ከአማቷ ጋር ተኳርፋለች፣ ለዚህ ነው ጫማዋ ወዲያ የሸሸው። ይቺ ልትጨፍር ስለቸኮለች አንዱን ገልብጣው ገብታለች። አያን እየሳቀች በጎን አየችው፤ እሱም ቀና ሲል ዓይናቸው ተገጣጠመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንንም ሠርግ በር ሳታነሳ አትወጣም። ዘዴ ፍለጋ የሌላ አገር ሰው ሥራ ላይ ማፍጠጥ ቀረ፤ ለሂሻም ዛሬ ምን ልውሰድለት ብላ ማሰብ ብቻ በቃት።

ፎቶዎቹ በዙ። ናሁሰናይ የሚባል፣ ከዚራ ውስጥ አሮጌ ቪላ ተከራይቶ ሥዕልና ፎቶ የሚያሳይ ወጣት አያቸውና ኤግዚቢሽን እናድርግ አላት። አያን አሳትማ ለሂሻም ወሰደችለት። እያገላበጠ ሲለካ አንዷ ላይ ሲደርስ ቆመና ከት ብሎ ሳቀ። ከሚያብረቀርቁት ጫማዎች ራቅ ብሎ ብቻውን የተቀመጠ ያረጀ ቡናማ ነጠላ ጫማ ነው፤ ማሰሪያው ተበጥሶ በቀጭን ሽቦ ተሰፍቷል።

ምን እንዳሳቀው ጠየቀችው። አልነግርሽም አለ። ይቺን ግን ባለው ጥሩ እንጨት እንደሚሠራት ነገራት።

«ሲከፈት እነግርሻለሁ። እናቴንም አመጣታለሁ፣ በዚያው ትተዋወቃላችሁ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎቹን እልካለሁ።»

ይሄን ያለው ፊቱን ወደ እንጨቱ አዙሮ ነው። አያን ሻይዋን አንስታ ባዶውን ብርጭቆ ጠጣች።

ለሷ ሁሉ ነገር የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ናሁሰናይ በየፎቶው ሥር ጽሑፍ እንድትጽፍ ጠየቃት፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች አሉ፣ ታሪክ ይወዳሉ አለ። ለሌሎቹ አጭር አጭር አድርጋ ጻፈች። ባለ ሽቦው ጫማ ላይ ስትደርስ ግን አንዲት ሴት በሐሳቧ መጣችባት፤ የተጎሳቆለች፣ ጥግ ይዛ የቆመች። ያቺን ሴት አላየቻትም። ያን ዕለት ብርሃኑ ስላማረ አንስታ ሄደች እንጂ ጫማውን የምታደርገው ማን እንደሆነች ቆማ አልጠበቀችም። ደግሞ የሷ ጫማ ሁልጊዜ ከካሜራው ጋር ቦርሳ ውስጥ ስለሚገባ፣ በር ላይ ጫማ ትቶ የመግባትን ጣጣ ምኑንም አታውቀው። ብትጠይቅ የመጋላ ሴት ሁሉ ትነግራት ነበር። አልጠየቀችም። እንዲህ ብላ ጻፈች፤ ስትጽፍም እንባዋ መጣ፦

«ይህ የአንዲት እናት ጫማ ነው። ሌላ የላትም። የሚገዛላትም የለም። በሰው ደስታ ተጠግታ አምሽታ ትሄዳለች።»

በመክፈቻው ቀን ከሰዓት በኋላ የቪላው ግቢ በሰው ሞላ። ናሁሰናይ አያንን ከባለ ሽቦው ጫማ ፊት አቁሞ ጽሑፉን ለእንግዶቹ እንድታነብላቸው ጠየቃት። ልትጀምር ስትል ሂሻም በበሩ ገባ። አጠገቡ ብርቱካናማ ድሪያ የለበሰች፣ ክንዷ በወርቅ አምባር የተሞላ፣ ሽቶዋ ቀድሟት የሚገባ ሴት ናት። አያን አወቀቻት። ባለ ሽቦውን ጫማ ባነሳችበት ሠርግ ላይ ከበሮውን ከመቺዎቹ ነጥቃ ስትመታ የዋለችው ሴት ናት፤ ለሙሽሪት አልበም ደጋግማ አንስታታለች። እናቱ እሷ መሆኗን ስታውቅ ደስ አላት። ድምፅዋን አሳምራ አነበበች።

ሂሻም ለእናቱ ፎቶውን በጣቱ እያሳየ ይስቅ ነበር። «የሚገዛላትም የለም» ስትል ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

ሰው አጨበጨበ። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ሴትዮ ዓይኗን በሶፍት ጠረገች። የሂሻም እናት፣ ሰፈሩ በአክብሮት አዴ ኹርሲ የሚላት፣ ሻሿን አስተካከለችና ምንም ሳትናገር ዞራ ወጣች። ሂሻም ወደ አያን መጣ። ፊቱ ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻላት ነበር።

«ጫማው የእናቴ ነው» አላት።

አልገባትም። «የቱ?»

«ሽቦውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ፍሬም በምሰቅልበት ሽቦ። ከዚህ በፊት አንድ ሠርግ ላይ አዲስ የገዛሁላትን በር ላይ ወሰዱባት። ከዚያ ወዲህ ሠርግ የምትሄደው በዚህ ነው፣ ማንም እንዳይነካባት። እኛ ቤት የሠርግ ጫማ ነው የምንለው። የሳቅኩት ለሱ ነው።»

«ሂሻም፣ ወላሂ አላወቅኩም።»

«ባታውቂ ምንም አልነበረም። ግን ጻፍሽው። ማንን ጠይቀሽ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እሱ እናቱን ተከትሎ ሄደ፤ እሷ ደግሞ እስከ ምሽት ድረስ እዚያው ቆማ የሰው ሙገሳ ተቀበለች፣ እያንዳንዱ «በርቺ» ጥፊ እየሆነባት።

መጋላ ውስጥ ወሬው አንድ ሌሊት አልፈጀም። የኹርሲ ልጅ ለእናቱ ጫማ እንኳ አይገዛም ተባለ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ይባስ ብሎ ጫማ መምጣት ጀመረ። አንዷ የነጋዴ ሚስት በባጃጅ ላከች። ጎረቤቶች በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ለሥራ ወደ ሱቁ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሂሻምን ቀና ብሎ ያየዋል፣ ምንም አይለውም። ሂሻም ስልኩን አያነሳም። አያን ሱቁ ድረስ ብትሄድም ከውስጥ የመስታወት ድምፅ ሰምታ በር ሳታንኳኳ ተመለሰች፤ ምን ዓይን አላት።

ናሁሰናይ ግን ደስ ብሎት ጠራት። ዓይኗን የጠረገችው የአዲስ አበባዋ ሴትዮ ለዚያች ምስኪን እናት ብላ ጫማ ገዝታ ልካለች፤ ፎቶውንም እንግዶቹ አዲስ አበባ ለሚከፈት ትልቅ ኤግዚቢሽን መርጠውታል፣ ከነጽሑፉ። አያን ስትመኘው የኖረችው ነገር እጇ ገባ ማለት ነው። ጫማውን ከነካርቶኑ ሲያቀብላት ጠረጴዛው ላይ መልሳ አኖረችው። ምስኪን የተባለችው ሴት ማን እንደሆነች፣ እሷም ያልጠየቀችውን እንደጻፈች ሁሉንም ነገረችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዳ ጽሑፉን ገንጥላ አወረደችው። ናሁሰናይ ያለ ጽሑፉ አይወስዱትም አላት።

«አይውሰዱት» አለች።

ከዚያ ወጥታ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ መጋላ ገባች። በየመንገዱ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እግሯን የሚያይ መሰላት። አዴ ኹርሲ በሩን ከፍታ አየቻትና ግቢ ብላ መንገድ ለቀቀችላት። ግድግዳው ሥር የመጣው ጫማ ሁሉ ተደርድሯል።

«እንግዲህ ሱቅ ልከፍት ነው» አለች አዴ ኹርሲ። ሁለቱም አልሳቁም።

አያን ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። ድሬ አንቱታ ብዙም አትወድም፤ ሰው ሲያዝንም ሲያፍርም አንቺ ነው የሚለው። «አዴ፣ አፉ በይኝ» አለቻት።

«ያን የጻፍሽውን አንብቢልኝ።»

«አውርጄዋለሁ።»

«በቃልሽ ታውቂዋለሽ። እዚያ ለሰው ሁሉ አንብበሻል፣ እዚህ ደግሞ ለኔ።»

አያን ጀመረች። ያን ቀን ያማረ ድምፅ ዛሬ እንደ ሕፃን ተቆራረጠ። «የሚገዛላትም የለም» ላይ ስትደርስ ቆመች። አዴ ኹርሲ ጨርሺው አለቻት። ጨረሰችው፤ አንገቷን ደፍታ፣ እንባዋ እጇ ላይ እየተንጠባጠበ።

አዴ ኹርሲ አጠገቧ ተቀመጠች። ሂሻም ገና ልጅ ሳለ መስታወት ሲቆርጥ እጁ እየደማ ታናናሾቹን እንዴት እንዳሳደገ፣ ለራሱ ሳያደርግ ለእናቱ ምን ምን እንዳደረገ ነገረቻት፤ እሱ የገዛላትን፣ ሠርግ ላይ አድርጋው የማታውቀውን አዲስ ጥቁር ጫማም ከካርቶኑ አውጥታ አሳየቻት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እኔ ምን ተባልኩ፣ ድሃ ተባልኩ። ይሁን። እሱ ግን የለም ተባለ። ሰው ፊት፣ ከሚወዳት ልጅ አፍ፣ የለህም ተባለ። ይሄ ነው ያመመኝ።»

አያን ይቅርታ የሚለውን ቃል ደግማ ለመናገር አፈረች። አዴ ኹርሲ አፉ ብዬሻለሁም አላለች፣ አላልኩሽምም አላለች። ግድግዳ ላይ የነበረው መውረዱ ለከዚራ ሰው ጥሩ ነው፣ መጋላ ግን ግድግዳ አያነብም ብላ ሸኘቻት።

ሰንበት ብሎ መጋላ ውስጥ ሠርግ ሆነ። ቤተሰቡ አያንን ቀድመው ይዘዋት ስለነበር መቅረት አልቻለችም። ካሜራዋን አንጠልጥላ በመንገዱ ጫፍ ብቅ ስትል በር ላይ የነበሩት ሴቶች ተያዩ። ከዚያ አንዷ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አነሳች። ሌላዋም አነሳች። ፌስታል የያዘች በፌስታል፣ ያልያዘች በብብቷ ሸጉጣ ጫማቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። አያን የደረሰችበት ደጃፍ ባዶ ነበር። ከነሱ የመጣ አንድ ክፉ ቃል የለም፤ ብቻ ጫማቸውን አነሱባት። ስታለቅስ እንዳያዩዋት ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ገባች።

የሙሽራዋን ፎቶ ቶሎ ጨረሰችና አቀርቅራ ልትወጣ ስትል አዴ ኹርሲን በሩ ላይ አገኘቻት። አርፍዳ መምጣቷ ነው። እግሯ ላይ ያ ሂሻም የገዛላት፣ ከካርቶኑ አውጥታ ያሳየቻት ጫማ አለ፤ ጥቁር፣ በወርቃማ ክር የተሠራ። ሴቶቹ ከውስጥ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። አዴ ኹርሲ አውልቃ ባዶው ደጃፍ መሃል አኖረችው።

«እስክወጣ ጠብቂልኝ» አለቻት ለአያን፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። ከዚያ ገባች።

አያን ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ ከበሮው ይሰማል። ፀሐይዋ ድንጋዩን አግላዋለች፤ ከቦታዋ ግን አልተነሳችም። የሚያልፈው ሰው ካሜራ የያዘች ሴት ጫማ ስትጠብቅ እያየ ያልፋል።

ሂሻም እናቱን ሊወስድ ባጃጅ ይዞ መጣ። ሲያያት ቆመ። መምጣቷን አያውቅም ነበር። ከመንገዱ ማዶ ግንቡን ተደግፎ ቁጭ አለ። አንዴ ያያታል፣ አንዴ መሬት ያያል። ከስቷል። አያን ከተቀመጠችበት ተጣራች።

«ሂሻም፣ አጥፍቻለሁ። አለህ።»

«ለኔ አይደለም የምትነግሪው» አላት። ድምፁ ውስጥ ግን የዚያን ቀኑ ብርድ አልነበረም።

ሴቶቹ መውጣት ሲጀምሩ ደጃፉ ተጨናነቀ። አንዷ ጠና ያለች ሴት ጫማዋን ከፌስታል እያወጣች ምን ትጠብቂያለሽ ብላ አያንን ጠየቀቻት፤ ነገሩ ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። አያን ተነሳች። የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው።

«የአዴ ኹርሲን ጫማ ነው» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ልጇ ሂሻም የገዛላት ነው። ያኛውን የሰፋላትም እሱ ነው። እኔ ሳልጠይቅ ውሸት ጽፌባቸው ነበር።»

ከሴቶቹ መሃል አዴ ኹርሲ ወጣች፤ ስትጨፍር ውላ ላብ በላብ ሆናለች። እንዳትወድቅ የአያንን ትከሻ ያዘችና አንድ እግሯን ጫማው ውስጥ አስገባች፣ ከዚያ ሌላኛውን። ጨርሳም ትከሻዋን አልለቀቀችም።

«ምን ታዩዋታላችሁ» አለች ለሴቶቹ። «ምራቴ ናት።»

ሂሻም ከማዶ ብድግ አለ። አያን ሊያያት እንደሚፈልግ አውቃለች፤ ማየትም ናፍቋታል፤ ግን ቀና ማለት አቃታት።